የፍለጋ ቃል የማይከተል ቆጠራ፦ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የድር ትንታኔን የመቀየር የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው የሚሸፍነው አራት ነገሮችን ነው፦ ዋናውን ድረ ገጽ፣ ኮሃ በተባለ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የሚሠራውን ካታሎግ፣ ከግቢ ውጭ ያለ ተጠቃሚ ወደ ዳታቤዞች የሚገባበትን ኢዚፕሮክሲ እና በዲስፔስ የቆመውን የምርምር ማከማቻ። ሲጀመር ዋናው ድረ ገጽ፣ ካታሎጉና ማከማቻው ላይ ጉግል አናሊቲክስ 4 (የጣቢያ ጉብኝትን የሚቆጥር የጉግል አገልግሎት) ተተክሎ ነበር። የተያዘው ጊዜ 8 ሳምንት ነው።

ቀን 1። መጀመሪያ ጥያቄው

ስለ መሣሪያ ከመነጋገር በፊት ለየክፍሉ አንድ ጥያቄ ቀረበ፦ «ባለፈው ዓመት ከአናሊቲክስ ካያችሁት ቁጥር ውሳኔ ያስለወጣችሁ የትኛው ነው?» መልሱ እንደተለመደው አጭር ሆነ። ተጣርቶ የቀረው ይህ ነው፦ የትኞቹ ገጾች ይከፈታሉ፣ የትኞቹስ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም፤ ጫና የሚበዛው በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ሳምንት ነው፤ ተጠቃሚው የያዘው ስልክ ነው ወይስ ኮምፒውተር፤ ያለው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ፤ ወደ የትኛው ዳታቤዝ ይሻገራል፤ ካታሎጉ ላይ ምን ያህሉ ፍለጋ ባዶ ይመለሳል።

ስድስት ጥያቄ ነው፤ አንዱም ስለ አንድ ሰው አይጠይቅም። ሁሉም በድምር ይመለሳል። ስለዚህ ከስድስቱ ለአንዱ የማይጠቅም መስክ አይሰበሰብም። ይህች መስመር በሰነድ ተጽፋ ተፈረመች፤ በኋላ «ይሄም ይጨመር» የሚል በመጣ ቁጥር የምትጠቀሰው እሷ ናት።

«ተመላሽ ጎብኚ» የሚባለው ቁጥር ተሰረዘ። የከፋው ነገር ድሮም ትክክል አለመሆኑ ነው። ሳፋሪ በስክሪፕት የተጻፈ ኩኪን (ጣቢያው ተጠቃሚውን ለማስታወስ ብራውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠውን ትንሽ መረጃ) 7 ቀን ብቻ ያቆያል። ክሮም ደግሞ ከ2022 ጀምሮ የማንኛውንም ኩኪ ዕድሜ በ400 ቀን ገድቧል። በየሁለት ሳምንቱ በአይፎን የሚመጣ ተማሪ በእያንዳንዱ ጊዜ እንደ አዲስ ሰው ይቆጠራል።

ቀን 2 እና 3። ከገጹ ምን ይወጣል?

አሠራሩ ቀላል ነው። ባዶ የብራውዘር ፕሮፋይል ይከፈታል፣ ማስታወቂያ ማገጃ ይነሳል፣ ካሽ (ተቀምጦ የሚቆይ የገጽ ቅጂ) ይዘጋል፣ የገንቢ መሣሪያው የኔትወርክ መስኮት «መዝገቡን አቆይ» በሚለው ላይ ይደረጋል። ከዚያ አሥራ ሁለት ተግባር በተራ ይሠራል፦ መነሻ ገጽ፣ የካታሎግ ፍለጋ፣ የአንድ መጽሐፍ መዝገብ፣ መግባት፣ ውሰት ማራዘም፣ የይለፍ ቃል መቀየር፣ የዳታቤዝ ሊንክ፣ በፕሮክሲ መጣጥፍ መክፈት፣ ከማከማቻው ፋይል ማውረድ፣ የጥናት ክፍል መያዝ፣ የቻት መስኮት፣ በመጨረሻም ሆን ተብሎ የተሳሳተ አድራሻ። ከእያንዳንዱ በኋላ የኔትወርክ መዝገቡ በሃር ፋይል ይቀመጣል። ጥንቃቄ፦ ሃር ፋይል የመግቢያ ኩኪን ጭምር ይይዛል። በኢሜይል አይላክም፤ ሥራው ሲያልቅ ይሰረዛል።

ከመዝገቡ የተገኘው፦

የካታሎግ ፍለጋ ቃሉ በዩአርኤሉ (በገጹ አድራሻ) ውስጥ ነው፤ ዩአርኤሉ እንዳለ ወደ ጉግል ይሄዳል። የይለፍ ቃል መቀየሪያው ሊንክ ልዩ ቁልፉን በዩአርኤሉ ይዞ ስለሚከፈት ቁልፉም ይሄዳል። አንዳንድ የአካውንት ገጾች የተጠቃሚውን ቁጥር በፓራሜትር (ዩአርኤሉ መጨረሻ ላይ በሚጨመር መስክ) ይይዛሉ። (የግል መለያ መላክ በጉግል አናሊቲክስ የአጠቃቀም ውል ራሱ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ የግላዊነት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የውል ጥሰትም ነው።) የፍለጋ ውጤት ገጹ ርዕስም የፍለጋ ቃሉን ይደግማል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ሳምንት 3 ላይ ግን ብዙ ሰዓት የበላው እሱ ነው።

ኩኪውም ሌላ ነገር አሳየ። የጉግል አናሊቲክስ ዋና ኩኪ በነባሪው የሚጻፈው በተቻለው ከፍተኛ ዶሜን ላይ ነው፣ ማለትም በቤተ መጻሕፍቱ ሰብዶሜን ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው ዶሜን። ነባሪ ዕድሜው 2 ዓመት ነው። ስለዚህ የካታሎጉና የተማሪዎች ምዝገባ ገጹ አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ያያሉ። ሁለቱን ያገናኘ ባይኖር እንኳ ማገናኛው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ከአናሊቲክስ ውጭ ደግሞ ፊደል ከጉግል ፎንትስ፣ የተከተተ ቪዲዮ እና የቻት መስኮት አሉ። ሦስቱም ገጹ ሲከፈት የተጠቃሚውን አይፒ አድራሻ ለሦስተኛ ወገን ያደርሳሉ። በጥር 2022 የሙኒክ ፍርድ ቤት አንድ የድረ ገጽ ባለቤት ፊደልን በቀጥታ ከጉግል በመጫኑ ብቻ ለከሳሹ 100 ዩሮ እንዲከፍል ወስኗል። ፊደሉን አውርዶ ከራስ ሰርቨር ማቅረብ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ በዚያው ቀን ተሠራ። ቪዲዮዎቹ ተጠቃሚው ሲነካ ብቻ እንዲጫኑ በምስል ተተኩ። ቻቱ ተንጠልጥሎ ቆየ።

ቀን 4። ለአስተዳደሩ የተጻፈ ግማሽ ገጽ

«ቁጥር እንጂ ስም አንሰበስብም» የሚል መከራከሪያ ስለሚመጣ አንድ ምሳሌ በቂ ሆነ። በነሐሴ 2006 ኤኦኤል ለተመራማሪዎች ብሎ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ የፍለጋ ጥያቄዎችን ለቀቀ። የ650,000 ገደማ ተጠቃሚዎች የሦስት ወር ፍለጋ ነበር፤ ስም ወጥቶ በቁጥር ተተክቷል። ጋዜጠኞች ግን ከአንዱ ቁጥር ሥር ያሉትን ፍለጋዎች አንብበው ባለቤቷን ቤቷ ድረስ ሄደው አገኙ። ፍለጋው ራሱ ሰውየውን ይናገራል። የካታሎግ ፍለጋም ከዚህ አይለይም፤ የሕመም ስም፣ የፖለቲካ ርዕስ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሐሳብ ይገባበታል።

የሙያ መሠረቱም በሁለት መስመር ተጠቀሰ፦ የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) የ2015 የግላዊነት መግለጫ፣ እና የአሜሪካ የመረጃ ደረጃዎች ድርጅት (ናይሶ) በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ያወጣቸው የዲጂታል ግላዊነት መርሖች። አስተዳደሩ አልተከራከረም።

ቀን 5 እስከ 7። መሣሪያ መምረጥ

አራት አማራጭ ቀረበ።

ጉግል አናሊቲክስ 4ን አስተካክሎ ማቆየት። አይፒ አድራሻ አያስቀምጥም፣ የተጠቃሚ ደረጃ መረጃን ወደ 2 ወር ማሳጠርም ይቻላል። ግን መረጃው ያለው በሌላ ሰው ቤት ነው። የኦስትሪያና የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣናት በ2022 መጀመሪያ ላይ የዚህን አገልግሎት አጠቃቀም ከአውሮፓ የመረጃ ዝውውር ሕግ ጋር አይሄድም ብለው ነበር። በሐምሌ 2023 በአውሮፓና በአሜሪካ መካከል አዲስ ማዕቀፍ ወጥቶ ጥያቄው ረገብ ብሏል። ሕጉ ቢረግብም የፍለጋ ቃሉ ወደ ማስታወቂያ ኩባንያ መሄዱን አይለውጠውም። ተጣለ።

ጎአክሰስ። የሰርቨር ሎግን (ሰርቨሩ የሚደርሰውን ጥያቄ ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) አንብቦ ሪፖርት ያወጣል፤ ገጹ ላይ ምንም ስክሪፕት የለም፣ አይፒን የሚሸፍን አማራጭም አለው። ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት ይህ ብቻ ይበቃል፤ ብዙዎች ሳያስፈልጋቸው ከዚህ ያልፋሉ። ድክመቱ የሮቦት ጉብኝት ቁጥሩን ማሳበጡ እና ከካሽ የቀረበውን ገጽ አለማየቱ ነው።

ፕላውዚብል። ኩኪ የለውም። ጎብኚን የሚለየው ከአይፒ፣ ከብራውዘሩ መግለጫና ከዶሜኑ በሚሠራ ሃሽ (በስሌት በሚወጣ ኮድ) ነው፤ ሃሹ ውስጥ የሚገባው ምስጢራዊ ቃል በየ24 ሰዓቱ ይለወጣል፣ አሮጌው ይጠፋል። ንጹሕ ንድፍ ነው። በነባሪው ከሁሉ የተሻለው ይሄ ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

ማቶሞ። በ2007 ፒዊክ በሚል ስም የተጀመረ፣ በ2018 ስሙን የቀየረ፣ በፒኤችፒ ቋንቋና በማሪያዲቢ ዳታቤዝ የሚሠራ ክፍት ምንጭ የድር ትንታኔ መሣሪያ ነው። በነባሪው ብዙ ይሰበስባል፤ ግን እያንዳንዱ መስክ ሊዘጋ ይችላል።

የተመረጠው ማቶሞ ነው፣ በራስ ሰርቨር ላይ። ምክንያቱ ሠራተኛው ፒኤችፒና ማሪያዲቢን ከኮሃ ጎን ስለሚያውቃቸው እና ዝርዝር ሪፖርት ስለሚያስፈልግ ነው። ልብ ይባል፦ በራስ ሰርቨር ላይ መሆኑ ብቻውን ግላዊነት አይደለም። የፍለጋ ቃሉን ከነአይፒው በራሳችን ዳታቤዝ ብናከማች ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። እንዲያውም መርማሪ ወይም ሰርጎ ገብ የሚመጣው ወደኛ ይሆናል።

ሳምንት 2። ተከላ

በወር እስከ 100,000 የገጽ እይታ ላለው ጣቢያ የማቶሞ ምክር 2 ሲፒዩ፣ 2 ጊጋባይት ራም እና 50 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ነው። ያ ተወሰደ። ሪፖርት ሰው ገጽ ሲከፍት እንዳይሠራ ተዘግቶ በየሰዓቱ በክሮን (በሰርቨሩ የጊዜ ሰሌዳ) እንዲሠራ ተደረገ።

የሥራው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው፦ የግላዊነት ቅንብሩ በሙሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ስክሪፕቱ ገጹ ላይ ይቀመጣል። ቀድሞ ተክሎ ኋላ ማስተካከል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ የገባው መረጃ ገብቷል።

የተቀመጡት ቅንብሮች፦ ከአይፒ አድራሻው የመጨረሻዎቹ 2 ባይት ዜሮ ይሆናሉ፤ ስለዚህ አንድ የተሸፈነ አድራሻ 65,536 አድራሻዎችን ይወክላል። አገር የሚለየውም በተሸፈነው አድራሻ ነው። ይህ ለብቻው የሚመረጥ ሳጥን ነው፤ ካልተመረጠ አይፒው የሚሸፈነው ሙሉው ጥቅም ላይ ከዋለ በኋላ ይሆናል። ኩኪ ጠፍቷል። የስክሪን ስፋትና መሰል የብራውዘር ባሕርያት ንባብ ጠፍቷል። የተጠቃሚ መለያ አይላክም። የጉብኝት መዝገብና የጎብኚ ፕሮፋይል የሚባሉት ሁለት ገጾች ለአስተዳዳሪ ጭምር ተዘግተዋል። ጥሬ መረጃ ከ180 ቀን ወደ 60 ቀን ወርዷል። ከሌላ ጣቢያ የመጣ ጎብኚ የመጣበት ዶሜን ብቻ ይቀራል።

«አይፒውን ሃሽ አድርገን ብናስቀምጠውስ?» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። አይሠራም። የአይፒቪ4 አድራሻዎች በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ተራ ኮምፒውተር ሁሉንም ሃሽ አድርጎ ዝርዝር ማውጣት ይችላል፤ ከዚያ ወደ ኋላ መመለስ መፈለግ ብቻ ነው። የፕላውዚብል ዘዴ የሚሠራው ምስጢራዊው ቃል ስለሚጠፋ እንጂ ሃሽ ስለሆነ አይደለም።

የመጀመሪያው ብልሽት፦ ጎብኚዎች በሙሉ ከአንድ አድራሻ የመጡ መሰሉ። ማቶሞ ከሪቨርስ ፕሮክሲ (ጥያቄዎችን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ከሚያሳልፍ ሰርቨር) ጀርባ ስለሆነ የሚያየው የፕሮክሲውን አድራሻ ነው። ፕሮክሲው እውነተኛውን አድራሻ የሚያስተላልፍበት ሄደር (ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚላክ መስመር) በቅንብር ፋይሉ ተጻፈለት። ለጊዜው «ግላዊነት ተጠበቀ» ተብሎ ተቀልዶ ነበር፤ ግን ቁጥሩም አብሮ ጠፍቷል።

ሳምንት 3። አድራሻውን ማጽዳት

ከባዱ ሥራ ይህ ነው። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የገጹ አድራሻ ራሱ የንባብ መዝገብ ነው። በሌላ ጣቢያ «ምርት ቁጥር 40 ታየ» ማለት ተራ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን አንድ ሰው ስለ ምን ሊያነብ እንደፈለገ ማለት ነው።

መጀመሪያ የተሞከረው የክልከላ ዝርዝር ነበር፦ የፍለጋ ፓራሜትሩን፣ የተጠቃሚ ቁጥሩን፣ የይለፍ ቃል ቁልፉን አስወግድ። ችግሩ ካታሎጉ በታደሰ ቁጥር አዲስ ፓራሜትር ይመጣል፤ ዝርዝሩ ሁልጊዜ ከኋላ ይደርሳል። ተትቶ የፈቃድ ዝርዝር ተሠራ። ስክሪፕቱ እውነተኛውን አድራሻ በፍጹም አይልክም፤ መንገዱን አይቶ ከተዘጋጁ 30 ስሞች አንዱን ይልካል። የፍለጋ ገጽ «ካታሎግ/ፍለጋ» ይሆናል፣ የማንኛውም መጽሐፍ ገጽ «ካታሎግ/መዝገብ»፣ የአካውንት ገጾች ሁሉ «ካታሎግ/አካውንት»። የማይታወቅ ገጽ ሁሉ «ካታሎግ/ሌላ» ነው። ስህተት ቢፈጠር ቁጥር ይጠፋል እንጂ ምስጢር አይወጣም።

ከዚያ ሙከራ። ትርጉም የሌለው፣ የትም የማይገኝ ባለ 12 ፊደል የላቲን ቃል ተፈጥሮ ካታሎጉ ላይ ተፈለገ፤ በሙከራ ካርድ ተገብቶ የተወሰኑ ገጾች ተከፈቱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያ ቃል በዳታቤዙ ሙሉ ቅጂ፣ በሎጎችና በመጠባበቂያ ቅጂዎች ውስጥ ታደነ። አራት ቦታ ተገኘ።

አንደኛ፣ በገጽ ርዕሶች ሰንጠረዥ። አድራሻው ቢጸዳም ርዕሱ ለብቻው ይላካል። ርዕሱም ከዚያው ዝርዝር እንዲወሰድ ተደረገ።

ሁለተኛ፣ ስክሪፕት ለማይሠራላቸው ብራውዘሮች ተብሎ በሚቀመጠው የማትታይ ምስል በኩል። ምስሏ የገጹን አድራሻ አትልክም፤ ማቶሞ ግን አድራሻ ሲያጣ ብራውዘሩ ከሚልከው የሪፈረር ሄደር (ጥያቄው የተነሳበትን ገጽ ከሚናገረው መስመር) ይወስዳል። ሰርቨሩ በተመሳሳይ ዶሜን ላይ ስለሆነ ሄደሩ ሙሉ ነው፣ ያጸዳውም የለም። ምስሏ ተነቀለች።

ሦስተኛ፣ በማቶሞ ሰርቨር በራሱ የመዳረሻ ሎግ። የመከታተያ ጥያቄው መረጃውን በዩአርኤሉ ተሸክሞ ስለሚሄድ የድር ሰርቨሩ ከነሙሉ አይፒው ይጽፈዋል። ማቶሞ ውስጥ 2 ባይት ሸፍኖ እዚያው ጎን ባለ የጽሑፍ ፋይል ሙሉውን ማስቀመጥ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሳት ነው። የመከታተያ ጥያቄውን ለሚቀበለው አንድ ፋይል የመዳረሻ ሎጉ ተዘጋ። ብዙ ተከላ ይህን ይረሳል ብለን እንገምታለን፤ የማቶሞ የቅንብር ገጽ አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም የእሱ ሎግ አይደለም።

አራተኛ፣ በማሪያዲቢ ባይነሪ ሎግ ውስጥ። ረድፉ ከሰንጠረዡ ቢሰረዝም ለውጡ እዚያ ይቆያል። ዕድሜው በ3 ቀን ተገደበ።

በአማርኛ የተፈለገ ቃል ለማደን ሌላ ብልሃት ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ስልት) እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፤ በዩአርኤል ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት ሦስት ምልክት ይሆናል። «መጽሐፍ» 4 ፊደል ናት፤ በሎግ ውስጥ ግን 36 ምልክት ሆና ትቀመጣለች። እንዳለች ብትፈለግ «የለም» የሚል መልስ ይመጣል፣ ሰውም ተረጋግቶ ይሄዳል። ፍለጋው በሁለቱም አጻጻፍ መደረግ አለበት። የተጨመቁ አሮጌ ሎጎችም ተፈትተው ይፈለጉ።

አምስተኛውን ቃሉ ሳይሆን ዓይን ያዘው። ወደ ውጭ የሚወስዱ ሊንኮችን የመቁጠር አማራጭ በነባሪው ኮድ ውስጥ በርቶ ነበር። የዳታቤዝ ሊንኮቻችን በኢዚፕሮክሲ በኩል ስለሚያልፉ የመድረሻው አድራሻ ከነመጣጥፉ መለያ ይመዘገባል፤ ማን ምን እንዳነበበ ማለት ነው። አማራጩ ተዘግቶ በምትኩ እያንዳንዱ የዳታቤዝ ሊንክ ሲነካ የዳታቤዙን ስም ብቻ የሚልክ ክስተት (አንድን ድርጊት የሚያስቆጥር መልእክት) ተጻፈ። አምስተኛው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ።

የጣቢያ ፍለጋ መከታተያውም ጠፋ፤ ሥራው ቃል መመዝገብ ነውና። ፍለጋው ባዶ ሲመለስ «ባዶ» የሚል ክስተት ያለ ቃሉ ይላካል።

የስብስብ ልማት ክፍል ግን ቃላቱን ይፈልጋል፣ ፍላጎቱም ትክክለኛ ነው፤ ሰው ፈልጎ ያጣውን ካላወቁ ምን ይግዙ? ስምምነቱ ይህ ሆነ፦ ካታሎግ ሰርቨሩ ላይ ያለ ትንሽ ስክሪፕት ባዶ የተመለሰውን ቃል ወስዶ በወርኃዊ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ይደምራል። ሰዓት የለም፣ አይፒ የለም፣ የጉብኝት መለያ የለም። ወሩ ሲያልቅ ከ10 ጊዜ በታች የተፈለገ ቃል ሁሉ ሳይታይ ይሰረዛል። ይህ ገደብ ለቅንጦት አይደለም፤ ሰዎች በስህተት የካርድ ቁጥራቸውን፣ የይለፍ ቃላቸውን፣ የሰው ሙሉ ስም የፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ይጽፋሉ። ከአምስት ቁጥር በላይ ተከታታይ አሃዝ ያለበት ቃል ደግሞ መጀመሪያውኑ አይገባም።

በዚያው አጋጣሚ የኮሃ የራሱ የፍለጋ ታሪክ ሰንጠረዥ ታየ። የጽዳት ስክሪፕቱ በየሌሊቱ እንዲሠራ ተደረገ፤ የተመለሱ ውሰቶችን ከተዋሰው ሰው ስም የሚያላቅቀው ስክሪፕትም አብሮ ገባ።

ሳምንት 4። ፕሮክሲውና ሎጎች

ኢዚፕሮክሲ ሌላ ዓይነት ጣጣ ነው። ሎጉ የተጠቃሚ ስም እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል፤ አሳታሚ «ከእናንተ ዘንድ በጅምላ እየወረደ ነው» ብሎ ሲጽፍ ተጠያቂውን አካውንት ማግኘት የግድ ነው። ስለዚህ ስሙን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አልተቻለም። ሎጉ ለሁለት ተከፈለ። የደህንነቱ ሎግ ስምና ሰዓት ይዞ 30 ቀን ይቆያል፣ የሚከፍቱት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ በተከፈተ ቁጥር ምክንያቱ ይጻፋል። የስታቲስቲክሱ ሎግ ደግሞ ቀን፣ ሰዓት እና የዳታቤዙን ዶሜን ብቻ ይይዛል።

«በትምህርት ክፍል ይከፈልልን» የሚል ጥያቄ መጣ። ሁለት ተማሪ ባለው የዶክትሬት መርሐ ግብር ላይ «አንድ ሰው ይህን ዳታቤዝ ከፈተ» ማለት ስም መጥራት ነው። ክፍፍሉ ተማሪ፣ መምህር፣ ሌላ በሚል ሦስት ቦታ ብቻ ሆነ፤ ከ10 በታች የሆነ ቁጥር በሪፖርት ላይ «ከ10 በታች» ተብሎ ይጻፋል። ጠቅላላ ድምሩ አብሮ ከታተመ ግን የተደበቀው ቁጥር በመቀነስ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ሳጥን ሲደበቅ ሁለተኛ ሳጥን አብሮ ይደበቃል።

የድር ሰርቨሩ የኢንጂንኤክስ የመዳረሻ ሎግ አይፒውን ሸፍኖ እንዲጽፍ ተደረገ፣ 14 ቀን ይቆያል። የስህተት ሎጉ ግን ቅርጹ አይቀየርም፤ ሙሉ አይፒና ሙሉ ዩአርኤል ይጽፋል። ያለው መፍትሔ ዕድሜውን ማሳጠር ነው፣ 3 ቀን። የመጠባበቂያ ቅጂውም የሎግ ማኅደሩን እንዲዘል ተነገረው፤ 14 ቀን የተባለው ሎግ በባክአፕ ውስጥ አንድ ዓመት ሊኖር ነበር።

ማከማቻው ላይ የፋይል ማውረድ ቆጠራ አልተነካም። ደራሲዎች በየሥራቸው የወረደውን ማወቅ ይፈልጋሉ። ዲስፔስ በራሱ የስታቲስቲክስ ሞተር ይቆጥራል፤ ነገር ግን እሱም አይፒ ያስቀምጣልና መሸፈኛው በርቷል፣ አሮጌዎቹ መዛግብትም ተሸፍነዋል።

ሳምንት 5። ጎን ለጎን

ጉግል አናሊቲክስና ማቶሞ ለአንድ ሳምንት አብረው ሠሩ። የገጽ እይታው ተቀራረበ፤ የጎብኚ ብዛቱ ግን በጭራሽ አልገጠመም። ምክንያቱን መረዳት ያስፈልጋል። ኩኪ የሌለው ማቶሞ ጎብኚን የሚለየው በተሸፈነ አይፒና በብራውዘሩ መግለጫ ነው፣ ያም መለያ በየ24 ሰዓቱ ይታደሳል። የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ውስጥ 40 ማሽን ቢኖር፣ ሁሉም ከአንድ ምስል የተጫኑ ቢሆኑ፣ ሁሉም በአንድ የውጭ አይፒ ቢወጡ፣ ለማቶሞ አንድ ጎብኚ ናቸው። በአንጻሩ ጠዋት በስልክ፣ ከሰዓት በላፕቶፕ የመጣ አንድ ተማሪ ሁለት ነው።

ቁጥሩን «ለማስተካከል» ኩኪውን መመለስ ፈታኝ ነው። መልሱ የቀን 1 ሰነድ ላይ አለ፦ ከስድስቱ ጥያቄዎች የትኛው የሰው ብዛት ይጠይቃል? የትኛውም። «ልዩ ጎብኚ» ከሪፖርቱ ወጣ፤ የገጽ እይታና ክስተት ብቻ ቀረ።

የግቢ ውስጥና የግቢ ውጭ መለያው ላይ ያልተጠበቀ ስህተት ተገኘ። አይፒው ስለተሸፈነ ማቶሞ ራሱ ሊለይ አይችልም፤ ስለዚህ ሰርቨሩ የግቢውን የአድራሻ ክልል አይቶ «ውስጥ» ወይም «ውጭ» የሚል ቃል ገጹ ውስጥ ይጽፍ ነበር። ሌሊት ላይ ሁሉም «ውስጥ» ሆነ። ገጹ ከካሽ ስለሚቀርብ የመጀመሪያው ጎብኚ ያገኘው ቃል ለቀጣዮቹ ሁሉ ይታደላል። ቃሉ ካሽ ከማይደረግ ሌላ ትንሽ አድራሻ እንዲመጣ ተደርጎ ተስተካከለ።

ሳምንት 6። አሮጌውን መንቀል

የጉግል ስክሪፕት ከገጽ አብነቶች ወጣ። በሁለት ቦታ ግን በታግ ማናጀር (ስክሪፕቶችን ገጹ ላይ የሚያስገባ የጉግል መሣሪያ) በኩል ተደብቆ ቀረ፤ አንዱ የ404 («ገጹ አልተገኘም») ገጽ ላይ ነበር። ለዚህ ነው የቀን 2 አሥራ ሁለተኛው ተግባር የተሳሳተ አድራሻ የሆነው።

የይዘት ደህንነት ፖሊሲ ሄደር (ገጹ ከየት ብቻ መጫን እንደሚፈቀድለት ለብራውዘሩ የሚነግር) መጀመሪያ ሪፖርት ብቻ በሚያደርግበት ሁኔታ ተጫነ፤ ሁለት ሳምንት ካዳመጠ በኋላ ወደ ክልከላ ይዞራል። ነገ አንድ ሰው የማኅበራዊ ሚዲያ ቁልፍ ቢለጥፍ አይጫንም።

በአሮጌው አካውንት ያለው መረጃ፦ ወርኃዊ የገጽ እይታ ድምሮች ተወስደው በሠንጠረዥ ፋይል ተቀመጡ፣ ከዚያ ንብረቱ (ጉግል ዘንድ ያለው የጣቢያው የቆጠራ ማኅደር) ተሰረዘ። ጉግል ለ35 ቀን በቆሻሻ መጣያ ያቆየዋል፣ ከዚያ በኋላ ለዘለቄታው ይጠፋል። ቀኑ ካሌንደር ላይ ተያዘ።

በተጠቃሚዎች ብራውዘር ላይ የቀረውን ኩኪ ሰርቨሩ ያለፈ ቀን ሰጥቶ ሊያጠፋው ይችላል፤ ዶሜኑና መንገዱ ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆን አለባቸው፣ አለዚያ ምንም አይሆንም። እዚህ ግን ዶሜኑ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ዋናው ጣቢያ ያንኑ ኩኪ ይጠቀማል። እኛ ስናጠፋ እነሱ ይጽፋሉ፣ የእነሱም ቁጥር ይዛባል። ለጊዜው ተትቷል፤ የኩኪውን ዶሜን ወደ ራሳቸው ሰብዶሜን እንዲያጠብቡ ጥያቄ ቀርቧል።

ሳምንት 7። ማስታወቂያና መውጫ

የግላዊነት ገጹ በአንድ ስክሪን ተጻፈ፦ ምን ይቆጠራል፣ ምን አይቆጠርም፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ማን ያያል። የፕሮክሲው የ30 ቀን ሎግም ከነምክንያቱ ተጽፏል፤ የማያስደስተውን ክፍል መዝለል ሌላውን ሁሉ ያረክሳል።

«አትከታተሉኝ» የሚለው የብራውዘር ምልክት ይከበራል፤ ሆኖም ፋየርፎክስ ከ135ኛ እትሙ ጀምሮ አማራጩን አውጥቶታል። ተተኪው ዓለም አቀፍ የግላዊነት ቁጥጥር የሚባለው ምልክት ነው፤ ስክሪፕቱ ሁለቱንም አይቶ አንዱ ካለ አይሠራም። ከዚህ ውጭ «አትቁጠሩኝ» የሚል ሳጥን አለ። ምርጫውን ለማስታወስ ግን ኩኪ ያስፈልገዋል። ኩኪ የሌለው ቆጠራ ላይ ብቸኛው ኩኪ ኩኪ የማይፈልጉ ሰዎች ኩኪ ሆነ። ሳጥኑ ይህንኑ በግልጽ ይናገራል።

ሳምንት 8። ርክክብ

በየ45 ቀኑ አዲስ የሙከራ ቃል ተፈጥሮ የሳምንት 3 አደን ይደገማል፤ ኮሃ ወይም ማቶሞ በታደሰ ቁጥርም እንዲሁ። ቃሉ ከተገኘ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ስክሪፕቱ ይነሳል፣ ጥሬ ረድፉ ይሰረዛል፣ ከዚያ የዚያ ቀን ሪፖርት ውድቅ ተደርጎ እንደገና ይሠራል። ጥሬውን ብቻ ሰርዞ መሄድ አይበቃም፤ የተጠናቀረው ሪፖርት ቃሉን ይዞ ይኖራል። ይህ የሚቻለው ጥሬ መረጃው ባለበት በ60 ቀኑ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሙከራው መጀመሪያ የታሰበው በየሦስት ወሩ ነበር፤ ያ ከዚህ ጋር ስለማይገጥም ወደ 45 ቀን አጥሯል።

ያልተዘጉ ጉዳዮች፦ የዩኒቨርሲቲው ኩኪ፤ የይዘት ፖሊሲው ወደ ክልከላ መዞር፤ የቻት መስኮቱ። ቻቱ አሁንም ገጹ እንደተከፈተ ከአቅራቢው ሰርቨር ይጫናል። ተጠቃሚው ሲነካው ብቻ እንዲጫን የሚያደርግ ቁልፍ በሙከራ ጣቢያው ላይ አለ፤ አቅራቢው የሥራ ሰዓት ምልክቱ በዚህ መንገድ እንደማይታይ ገልጿል፣ የማጣቀሻ ክፍሉ መልስ እየተጠበቀ ነው።